ያበጠ ቆሽት ሁሉ ካንሰር አይደለም

ስለ አባዬ ሕመም የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ዘመዱ “ቆሽቱ ላይ እብጠት ታየ” የተባለበት ሁሉ ቁጥሬን ከሆነ ሰው ያገኛል። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ገላው ያሳክከው ነበር። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ጠቆረ። የሚያመው ነገር ግን የለም። ፒያሳ የሱቅ ጎረቤቶቹ “የወፍ በሽታ ነው” ብለው የባህል መድኃኒት የሚሰጡ ሴትዮ ጠቆሙት። እኛ ግን ሲቲ ስካን አስነሳነው። ቆሽቱ አብጦ የሐሞት ቱቦውን ተጭኖታል። ያየው ሐኪም “ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ ለኦፕራሲዮን ተዘጋጁ” አለን። እህቴ ስታለቅስ አደረች።

ሌላ አስተያየት ፈልገን የሄድንባት ሐኪም ምስሉን ደጋግማ አየችው። እብጠቱ አንድ ቦታ አይደለም፤ ቆሽቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቋሊማ ድቡልቡል ብሏል። “ኦቶኢሚዩን ፓንክሪያታይተስ ሊሆን ይችላል” አለችን። የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ የሚመጣ፣ ብዙ የማይታይ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት የጃፓን ሐኪሞች ናቸው። በ2001 ደግሞ አይጂጂ4 የተባለው ፕሮቲን በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ካንሰር ያለበት ሰው ላይም አንዳንዴ ከፍ ስለሚል፣ ያ ብቻውን አይበቃም። አባዬም በመርፌ ናሙና ተወሰደለት። ካንሰር አልተገኘም።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ነው። ከጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ገዛነው። ዋጋው አይከብድም። ሐኪሟ ግን ቲቢ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ስኳርና ሰገራ ሳይታይ አንድ ክኒን አይዋጥም አለች። ስቴሮይድ መከላከያን ያዳክማል፤ ተኝቶ የኖረ ቲቢ ሊነሳ ይችላል። ለኛ አገር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። “እስቲ ይሞከርለት” ብሎ ካንሰር ሳይጣራ መጀመርም አደገኛ ነው።

40 ሚሊግራም ታዘዘለት። እማዬ ጠዋት ጠዋት ባለ 5ቷን ክኒን ስምንት አድርጋ የስኒ ሳህን ላይ ትደረድርለታለች። ከምግብ ጋር መዋጥ ስላለበት ጾም አሳሰበው። የንስሐ አባቱ “መድኃኒትህን ውሰድ፣ ቁርስህን ብላ” አሉት። እኚህን ሰው ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ።

ይሄ በሽታ ለመድኃኒቱ ቶሎ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ካልቀነሰ ሐኪሙ ካንሰርን እንደገና ይጠረጥራል። የአባዬ ዓይን ነጣ፣ ማሳከኩም ተወው። ፊቱ ግን አበጠ፣ ስኳሩም ከፍ አለ። ለአጥንቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተጨመረለት። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መጠኑ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 5 ሚሊግራም እየተቀነሰ ይሄዳል። “ዳንኩ” ብሎ በአንዴ ማቆም ክልክል ነው፤ መድኃኒቱ እየተወሰደ ሳለ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚያቆም፣ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

በሽታው ተመልሶ የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው። ያኔ ስቴሮይዱ እንደገና ይጀመራል፣ ወይም አዛትዮፕሪን የተባለ መከላከያን የሚገታ ክኒን ይጨመራል። ሪቱክሲማብ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥም አለ፤ እሱ ግን ኪስ ይጎዳል። ሰገራው ቅባት የበዛበት ደግሞ ከምግብ ጋር የቆሽት ኢንዛይም ይሰጠዋል።

አባዬ አሁን በትንሿ መጠን ላይ ነው። ሱቁን ከፍቷል። እማዬ ግን ቁርስ ሲቀርብ ወደ መስኮቱ አዙራ ዓይኑን ሳታይ አትለቀውም።