ዓይኔን እንኳ ተውልኝ

የጌታ ስም ይባረክ። ስለ ማረጥ መመስከር አሳፍሮኝ 2 ዓመት ዝም ብያለሁ። ግን ያንን ሌሊት የምታውቅ ሌላ እህት አትጠፋም።

49 ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ ሁለት ወር ይጠፋና ይመለሳል፤ ሌሊት ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ። ያን ሌሊትም ነቅቼ ዳዊት ገለጥኩ። «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?» የሚለው ላይ ስደርስ «የሚያስፈራኝ» ብቻ ቀረ። «ማን ነው» የለም። በቦታው አንዲት ነጭ ነጥብ ትርገበገባለች።

ነጥቧ እያደገች እንደ ማጭድ ተጣመመች፤ ጠርዟ የመጋዝ ጥርስ ሆኖ ይብለጨለጫል። ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ አለች። ቀኙን ሸፈንኩ፤ አለች። ሁለቱንም ጨፈንኩ፤ ጨለማው ውስጥም ትንቦገቦጋለች። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። አፉ ሲናገር ይታየኛል፤ አንድ ጎን ፊቱ ግን የለም።

እውነቱን ልናገር፤ ተንበርክኬ ጌታን ተቆጣሁት። «20 ዓመት ልጅ ለመንኩህ፣ ዝም አልክ። አሁን ማኅፀኔን ዘጋኸው። ዓይኔንም ልትወስድ ነው?» ጸሎት አይባልም፣ ጥል ነበር። በመጨረሻ «ዓይኔን እንኳ ተውልኝ» የሚል ወጣኝ። ባለቤቴ፣ ድምፁ ለዝማሬ የማይሆነው ሰው፣ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መዝሙር ጀመረ። አዝማቹን ለስንተኛ ጊዜ እንደደገመው እንጃ፣ የመጋዙ ጥርስ ወደ ዳር ሸሽቶ ወጣ። 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም መነጽር ጽፎ ሸኘኝ። ሰባት ወር እንዲሁ ሲመጣና ሲሄድ አለፈ።

ከዚያ ጌታ ዘመኗን ይባርክልኝና፣ አንዲት ሐኪም «የወር አበባዎ መቼ ነው የመጣው?» አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር! በዚህ ዕድሜ ሲጀምር ዝም አይባልም ብላ ስትሮክ አለመሆኑን አስመረመረችኝ። ማይግሬን የሚባል የራስ ምታት ሕመም ነው፤ ብርሃኑም ኦራ ይባላል። ችግሩ ያለው ዓይን ላይ ሳይሆን የምናየውን በሚተረጉመው የአንጎል የኋላ ክፍል ነው፤ ለዚህ ነው የትኛውንም ዓይን ብሸፍን ያልጠፋው። በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ያህል የሚሳብ የኤሌክትሪክ ማዕበል ነው አለችኝ፤ ከማረጥ በፊት ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወጣና ሲወርድ ይቀሰቅሰዋል። ለላቡ ክኒን ስለምናት፣ ኦራ ስላለብኝ መጠኑ አነስ ያለ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሆርሞን መረጠችልኝ፤ እሱ ሳያዋዥቅ ይሰጣል። አንድ ዓይን ብቻ ድንገት ቢጨልም፣ እጅ ቢዝል ወይም አንደበት ቢተሳሰር ግን ሳልቆይ እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ።

የወር አበባዬ ከቆመ 14 ወር ሆነው። ብርሃኗን ካየኋት አምስት ወር አልፏል። ልጁን አልሰጠኝም፤ ስለ እሱ አሁንም እጠይቀዋለሁ። ትናንት ሌሊት ግን ያንኑ ገጽ ገልጬ «ማን ነው» የሚለውን በጣቴ ነካሁት።