ድምፁ የጎረነነው ልጅ

ዛሬ የማስተማር ልምምዴ 3ኛ ቀን ነበር። 9ኛ ክፍሎችን አጭር ዜማ ሳስዘምር፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ጠጋ ብዬ ሳዳምጠው ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱ አንገቱን ደፋ። አንጀቴን በላው።

በዚህ ዕድሜ የወንዶች ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቻቸው ይረዝማሉ፤ ድምፃቸው አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው የድምፅ ርቀት) ያህል ይወርዳል። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ፊት ለፊት ማየት ግን ሌላ ነው።

ዜማውን ዝቅ አድርጌ በኪቦርዱ 5 ኖታ ብቻ ሰጠሁት፦ ከዶ እስከ ሶል። መጀመሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ ሶልን ያዛት፤ ጥርት አድርጎ! ክፍሉ ዝም አለ።

አማካሪ መምህሬ ጥግ ላይ ሆነው ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ ምን እንደጻፉ ገና አላየሁም። እኔ ግን አሁን ለሱና ለመሰሎቹ ከዜማው ጋር አብሮ የሚዘመር ዝቅ ያለ ሁለተኛ ድምፅ እየጻፍኩ ነው።