የቮልስ ነገር፦ ጉድለት የቱ ነው፣ ጠባይ የቱ?

ቮልስ ያለው ሰው ከመንዳቱ እኩል ስለ ቮልስ ይከራከራል። የኔዋ የ1968 ስሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ናት። ገና የገዛኋት ሰሞን የባለቤቴ ወንድም የፊት ኮፈኑን ከፍቶ ጎማና የቤንዚን ታንክ ሲያይ «ሞተሩን ከኋላ ያደረገው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» አለኝ። እሱ የሚነዳው ቪትዝ ነው። በየበዓሉ ስንገናኝ ይኸው ይነሳል፤ «ተፈጥሮዋ ነው» ማለት ሲሰለቸኝ አንድ መመዘኛ አበጀሁ።

ቮልስ በብዛት መመረት የጀመረችው ከጦርነቱ ማብቂያ ከ1945 ወዲህ ነው፤ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትወጣ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ይህን ያህል ዘመን ፋብሪካው ሳይነካ ያቆየውን ጠባይ፣ ድምፁን አጥፍቶ የቀየረውን ደግሞ ጉድለት ብዬ ለመመደብ ወሰንኩ። ለምሳሌ እስከ 1967 ስሪት ድረስ ቤንዚን ለመቅዳት ኮፈን መክፈት ግድ ነበር፤ ከ1968 ጀምሮ ክዳኑ ወደ ውጭ ወጣ። ክርክሩ አለቀ፣ ጉድለት ነበር።

የሞተሩ ከኋላ መሆንና በአየር መቀዝቀዝ ግን እስከ መጨረሻዋ መኪና አልተለወጠም። ክብደቱ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ ዳገት ስትወጣ ያስቀናል። ራዲያተር የለ፣ የሚፈላ ውሃ የለ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለው አቀበት ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ዳር ይዘው በእንፋሎት የሚታጠኑትን መኪኖች እያለፉ መሄድ፣ ኃጢአት ቢሆንም፣ ደስ ይላል።

ሆኖም አማቼ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው። ከ40 የፈረስ ጉልበቷ ሩብ ያህሉ እዚሁ ይቀራል፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያነሰ ነው። ማራገቢያው የሚዞረው በቺንጋ፣ በሞተሩ ፍጥነት ልክ ስለሆነ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰቱ መውጣት ያግላታል። እኔ አሁን ዳገቱ ሳይጀምር ወደ ሁለተኛ አወርዳለሁ፤ ጩኸቷ ይበዛል እንጂ አትግልም። የቺንጋው መብራት ከበራም «እስከ ቤት ልድረስ» የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ማጥፋት ነው።

ብዙ የተከራከርነው ግን በሦስተኛው ሲሊንደር ነው። «ጋሼ፣ ቫልቭ ሲቃጠል ለምን ሁልጊዜ የእሱ ይሆናል?» ብዬ መካኒኬን ጠየቅኳቸው። «ዘይት ማቀዝቀዣው ጋርዶት ነዋ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ወደ ሦስተኛው የሚሄደውን አየር ይጋርደዋል፤ ያለፈውም ሞቆ ነው የሚደርሰው። ፋብሪካው መጀመሪያ ያደረገው ለዚያ ሲሊንደር ብቻ የሻማው እሳት ጥቂት ዘግይቶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። በ1971 ስሪት ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አስወጥቶ የራሱን አየር ሰጠው። በኔ መመዘኛ ይህ የእምነት ቃል ነው።

የኔዋ ከዚያ በፊት ስለተሠራች ማድረግ የምችለው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቭ ክፍተቱን በ0.15 ሚሊሜትር አስለካለሁ። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ነው ያላት። ስለዚህ 5000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አስቀይራለሁ። ጋሼ «ዘይት ቆጥቦ ሞተር የሚገዛ አለ» ይላሉ፤ ደንበኞቻቸውን ስለሚያውቁ ነው።

የመስታወት ማጠቢያውስ? ውሃውን የሚገፋው የተቀያሪው ጎማ ነፋስ ነው! ጎሚስታው በሰማ ቁጥር ይስቃል። ፓምፕ የለው፣ ሞተር የለው፤ ነፋሱ ሲቀንስ ቫልቩ ራሱ ይዘጋል፣ ጎማውም ባዶ አይሆንም። ይህን ጠባይ ሳይሆን ብልሃት ብዬዋለሁ። በሩ መስታወት ካልተከፈተ አልገጥም የሚለው ደግሞ ቤቷ አየር ስለማያስወጣ ነው፤ ለምደነዋል።

መመዘኛዬ የተሰበረው ባትሪው ላይ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ፋብሪካውም አላነሳውም፤ እኔ ግን ጉድለት እላለሁ። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላል። ወፍራም የጎማ ክዳን አስገጥሜበታለሁ፤ ቮልስ የምትገዙ ሰዎች ከቀለሙ በፊት ወንበሩን አንስታችሁ እሱን እዩ።

ማሞቂያው ላይ ከጋሼ ጋር ገና አልተስማማንም። የሚሞቀው አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ አልፎ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፤ ቱቦው ከዛገ ጭሱም አብሮ ይገባል። እሳቸው «እዚህ አገር ማን ይሞቃል? አውልቀው» ይላሉ። በሐምሌ ዝናብ የፊት መስታወቱ ጉም ሲለብስ ግን ሌላ የሚጠርገው የለኝም። የዛገውን አስቀይሬ አቆየሁት፤ ሽታ ሲመጣብኝ መስታወት እከፍታለሁ፣ በማግስቱ ጋራዥ እገባለሁ።