50፣ 50፣ 50፣ 50

ጌም ቴስተር (የቪዲዮ ጌም ስህተት ፈላጊ) ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ጌሙ ውስጥ አንድ በር ጠባቂ ጠላት ነበረን። በግራ ይመታል፣ በቀኝ ይመታል፣ ይዘላል፣ ይተኩሳል። ከአራቱ የትኛው እንደሚመጣ በዕጣ ይለያል፤ ለእያንዳንዱ 25 በመቶ። ዲዛይኑ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው።

አንድ ተጫዋች ግን "ይሄ ጠላት ራንደም አይደለም። ጥግ ይዤ ዝም ስል ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ" ብሎ ጻፈልን። ፈገግ አልኩ። ሰው ደመና ላይም ፊት ያያል። ሥራ ነውና ባዶ ክፍል ውስጥ ከጠላቱ ጋር ተፋጥጬ 200 ጥቃት ቆጠርኩ፤ ለየዓይነቱ ጭረት እያሰመርኩ። 50፣ 50፣ 50፣ 50። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? "ችግር የለም" ብዬ ሪፖርቱን ዘጋሁት። ትንሽም ኮራሁ።

በማግስቱ አንዲት ፕሮግራመር ባልደረባዬ ወረቀቱን አየችው።

"ቆጥረህ ነው ፈጥረህ?"

"ኧረ ቆጥሬ ነው!"

"እንግዲያው የሚያጭበረብረው ጠላቱ ነው።"

እውነተኛ ዕጣ እንዲህ አያምርም። 200 ጊዜ ሲወጣ አንዱ 44፣ ሌላው 57 ቢሆን ነው ጤናው፤ ከ50 በ6 ገደማ ከፍ ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። አራቱም ልክ 50 የሚሆኑት ግን ከ2,800 ሙከራ አንዴ ገደማ ነው። እኔ የፈራሁት መዛባትን ብቻ ነበር። ልክ መሆን ያስጠረጥራል ብሎ ማን ያስባል?

"ቅደም ተከተሉንስ?" አለችኝ። የለኝም። ጭረት ተራ አያሳይም። ተመልሼ ገባሁና አሁን በየተራው ጻፍኩ። ግራ፣ ተኩስ፣ ዝላይ፣ ቀኝ። ግራ፣ ተኩስ፣ ዝላይ፣ ቀኝ። 12ኛው ላይ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ዕጣ የሚያወጣው አስልቶ ነው። የኛው ኮድ ያለፈውን ቁጥር ያባዛል፣ ይደምራል፣ ለአንድ ትልቅ ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። በትንሹ አሳየችኝ፦ በ5 አባዛ፣ 3 ደምር፣ ለ16 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። ከ0 ስንነሳ 0፣ 3፣ 2፣ 13፣ 4፣ 7፣ 6፣ 1 ይመጣል። የተበወዘ ይመስላል አይደል? አሁን እያንዳንዱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን እዩ፦ 0፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0፣ 3፣ 2፣ 1። የቁጥሩ ላይኛው ክፍል ሲበወዝ ታችኛው ጫፍ (ለ4 ሲካፈል የሚቀረው) በአራት እርምጃ ይዞራል። ኮዳችን ጥቃቱን የሚመርጠው ደግሞ በዚሁ ጫፍ ነበር።

የጦፈ ውጊያ ላይ ማንም ያላየው፣ የጌሙ ፍንጣሪም ድምፅም ከዚያው ዕጣ አውጪ ኮድ ቁጥር ስለሚወስዱ ነው። ተራው ይናጋል። ጥግ ይዞ ዝም ያለው ተጫዋች ግን ከጠላቱ ጋር ብቻውን ነበር። (እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ፓክ-ማን የተባለው ጌም መናፍስትም ሲሸሹ በዕጣ የሚታጠፉ ይመስላሉ፤ የዕጣው መነሻ ቁጥር ግን በየደረጃው ያው ነው። ተጫዋቾች መንገዱን በቃላቸው ይዘውታል።)

ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ሆነ፦ ምርጫውን ከቁጥሩ ላይኛው ክፍል መውሰድ። ሪፖርቱን መልሼ ከፈትኩ፤ ለተጫዋቹም ይቅርታ ጻፍኩ። ደስ አይልም፣ ግን ጻፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቅሬታ መጣ። "ጠላቱ ተበላሽቷል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዘለለብኝ!" በዚህኛው እንኳ በልበ ሙሉነት መለስኩ። ሦስት ተከታታይ ጥቃቶች አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው ከ16 አንድ ነው፤ ጤነኛ ዕጣ ማለት ይሄ ነው። ዲዛይነሩ መልሴን አንብቦ ሳቀ። ከዚያ ሦስተኛውን የሚከለክል ሕግ ኮዱ ውስጥ አስገባ። ለእኔም አዲስ ሥራ ደረሰኝ፦ ጠላቱ ከልኩ በላይ ራንደም አለመሆኑን ማረጋገጥ።