አስቀድማ የምትጋገር እንጎቻ

በብዙ ቤት እንጎቻ የምትጋገረው በመጨረሻ ነው። እንጀራው ሁሉ ወጥቶ፣ ሞሶቡ ሞልቶ፣ ከሊጡ ጥቂት ሲተርፍ ምጣዱ ሳይበርድ ለልጅ ትሆናለች። የሰራፕታዋ መበለት ግን ሞሶብ የሚሞላ ሊጥ አልነበራትም። የቀራት በማድጋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ጥቂት ዘይት ነው፤ እሱን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነበር። ነቢዩ ኤልያስ ሁሉንም ስጪኝ አላላትም። አስቀድመሽ ለእኔ ትንሽ እንጎቻ አድርጊልኝ፣ ከዚያ በኋላ ለአንቺና ለልጅሽ ትጋግሪያለሽ ነው ያላት (1ኛ ነገሥት 17)። የጠየቃት ትንሽ ነው፤ ግን አስቀድሞ።

እግዚአብሔርን ስለ ማስቀደም ስናስብ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንሄደው ወደ ብዛቱ ነው፦ ስንት ምዕራፍ፣ ስንት ስግደት፣ ስንት ሰዓት። እኛ ግን መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ተራው ነው እንላለን። ጌታ «አስቀድማችሁ የእግዚአብሔርን መንግሥት ፈልጉ» ያለው (ማቴ. 6፥33) ምን እንበላለን፣ ምን እንለብሳለን ብለው ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ለሚገባ፣ ልጅ ለሚያሳድግ፣ ታክሲ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ምእመን የሚሆን ነው።

ጠዋት ላይ ተራውን የሚያበላሸው ስልክ ነው። ሰው ማንቂያውን ሊያጠፋ ያነሣዋል፤ ሌሊት የገባ መልእክት ያያል፤ አንዱን ሲከፍት ሌላው ይስበዋል። ከዚያ ወዲያ ለጸሎት ቢቆምም አፉ «አቡነ ዘበሰማያት» እያለ ልቡ ያነበበውን ዜና ያብላላል። ጸሎቱ ቀረ ማለት አይደለም፣ ሁለተኛ ሆነ እንጂ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ግዙና ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። የምትኖሩት በአንድ ክፍል ከሆነ ቻርጀሩን ከአልጋው አርቃችሁ በሩ አጠገብ ሰኩት። የጸሎት መጽሐፉንም ቢቻል የታተመውን ያዙ። በስልክ መጸለይ ኃጢአት ሆኖ አይደለም፤ ውዳሴ ማርያም መካከል ላይ ከላይ ብቅ የምትለው መልእክት እጅ ሳትነካትም ሐሳብ ይዛ ትሄዳለች። ከስልክ ሌላ የሌለው ሰው ኔትወርኩን ዘግቶ ይክፈተው።

ቦታውን ማታ አዘጋጁ። በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ሥዕለ አድኅኖ (ቅዱስ ሥዕል)፣ ነጠላው በቅርብ ሚስማር ላይ፣ መጽሐፉ የነገው ገጽ ላይ ክር ገብቶበት። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በእንቅልፍ ዓይን ነጠላ ሲፈልግ፣ ገጽ ሲያገላብጥ ሩብ ሰዓት የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። ያ ሩብ ሰዓት ደግሞ የሚቀነሰው ከቁርሱ ሳይሆን ከጸሎቱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ፊትን ታጥቦ፣ ነጠላ አጣፍቶ ወደ ምሥራቅ መቆም። በስመ አብ ብሎ ማማተብ፦ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ከላይ ወደ ታች የምንወርደው ጌታ ከሰማይ ወደ ምድር መውረዱን ለማሰብ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ የምንሻገረው ከጨለማ ወደ ብርሃን ያሻገረን መሆኑን ለማሰብ ነው። የሚቸኩል እጅ ዝንብ የሚያባርር እስኪመስል ድረስ ያማትባል፤ እባካችሁ ይህችን አንዲት ነገር ቀስ በሉባት፣ የቀረውን ጸሎት ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ከዳዊት አንድ መዝሙር፣ ከዚያም የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ስለሆነ ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን ብቻ ነው የምንጸልየው። ይህ ሁሉ ሳይቸኩል 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ጀማሪ ከዚህ በላይ አይጨምር።

አይጨምር የምንለው ከስንፍና ጋር ስለታረቅን አይደለም። በዐቢይ ጾም መግቢያ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሰው በስብከት ልቡ ይነካና በመጀመሪያው ሳምንት ዳዊቱን፣ መልክአ ማርያሙን፣ መልክአ ኢየሱሱን፣ በመቶ የሚቆጠር ስግደቱን አንድ ላይ ይሸከማል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበቱ ያብጣል፣ ሥራ ላይ ያንቀላፋል፤ አንድ ጠዋት ሁሉንም መጨረስ ስላልቻለ ምንም ሳይጸልይ ይወጣል። ችግሩ ያ ጠዋት አይደለም፤ «ሙሉውን ካልሆነ ምንም» የሚለው ሐሳብ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ልቡ ውስጥ መግባቱ ነው። መጠኑ የተቆረጠው በዚያን ቀን ስሜት እንጂ በአቅም አልነበረም። መጠን የሚቆርጠው የንስሐ አባት ነው፤ ምእመን ለራሱ ሲቆርጥ ወይ ያበዛዋል ወይ ያሳንሰዋል።

መጨመር ሲፈቀድላችሁ ዳዊት ራሱ ልክ አለው። 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባላል። በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም በ15 ቀን ይጨርሳል፤ በቀን አምስት መዝሙር የሚደግም ደግሞ በወር። 118ኛው ብቻ 176 ቁጥር ስላለው የወደቀበትን ቀን ያስረዝማል፤ እሱን በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት እየከፈሉ ማዳረስ ይቻላል። ለንባብ ደግሞ አራቱ ወንጌላት 89 ምዕራፍ ናቸው፣ በቀን አንድ ብትሉ ሦስት ወር አይሞላም። አዲስ ኪዳን በጠቅላላው 260 ምዕራፍ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ምዕራፍ ለ52 ሳምንት ማለት ነው። ቅዳሜ ያመለጠው ይነበብበታል፣ እሑድ ወንጌሉ ቤተ ክርስቲያን ይነበብላችኋል።

በግእዝ ለምትጸልዩ አንድ ነገር። ትርጉሙን ሳያውቁ መድገም በረከት የለውም የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም፤ እናቶቻችን በዚያ ኖረውበታል። ነገር ግን በሳምንት አንድ መዝሙር በአማርኛው ቁጥር በቁጥር እያስተያያችሁ አንብቡ። በ50ኛው መዝሙር ጀምሩ፣ በተሣሃለኒ እግዚኦ። «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ» የሚለው ጋ ስትደርሱ ዳዊት ያለውን ልብ አጽዳልኝ ብቻ ብሎ አለመቆሙን፣ ንጹሕ ልብ ፍጠርልኝ ማለቱን ያስተዋለ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ያችን መስመር በሩጫ አያልፋትም። ሐሳብ ሲበተን ደግሞ ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ ከዚያው ቁጥር ቀጥሉ። ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ሐሳቡ በተበተነ ቁጥር ጸሎቱ እየረዘመበት በመጨረሻ ይሰለቻል።

ቀኑን በተመለከተ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ትልቅ ስጦታ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ሦስት ሰዓት ሲል የእኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ በወረደበት ቀን ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ጌታ ሲሰቀል ስድስት ሰዓት ላይ ጨለማ ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፍሱን ሰጠ፤ ጴጥሮስና ዮሐንስም በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ይወጡ ነበር። ነግህ (ማለዳ)፣ ሠለስት (ሦስት ሰዓት)፣ ቀትር (ስድስት ሰዓት)፣ ተስዓት (ዘጠኝ ሰዓት)፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)፣ መንፈቀ ሌሊት የሚባሉት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሰዓቱን ከነታሪኩ ይዘዋል። ሙሉ ሥርዓቱን በየገዳማቱ ይፈጽሙታል። ቢሮ ወይም ሱቅ ለሚውል ሰው ሦስቱ የቀን ሰዓታት፣ ሦስት፣ ስድስትና ዘጠኝ፣ አንድ አንድ ደቂቃ ይበቃቸዋል፦ ባሉበት ቆም ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» (አቤቱ በመንግሥትህ አስበን)፣ ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ጸሎት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ስልካችሁ 9፡00፣ 12፡00 እና 15፡00 ሲል የእኛ ሦስት፣ ስድስት እና ዘጠኝ መሆኑን ልጆቻችሁን አስተምሩ፤ አለበለዚያ ወንጌሉን ሲያነቡ ጌታ በዘጠኝ ሰዓት ሞተ የሚለውን ጠዋት ያደርጉታል።

በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ በዐረብ አገር ሥዕል መስቀል የማይፈቀድላችሁ፣ እሑድ ዕረፍት የሌላችሁ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ አይሆንም አትበሉ። ነህምያ በባዕድ አገር በሱሳ ግንብ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ ፊትህ ለምን አዘነ ብሎ ጠየቀው፤ ከዚያም ምን ትለምነኛለህ አለው። ነህምያ መልስ ሳይሰጥ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል (ነህ. 2፥4)። ጽዋው ገና በእጁ ወይም በአጠገቡ ይሆናል፤ ንጉሡ ዓይን ዓይኑን እያየ መልስ ይጠብቃል፤ ከዚህ የበለጠ የሚረዝም ጸሎት ሊጸልይ አይችልም ነበር። ጥሪው በተሰማና እግር በተነሣ መካከል «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ማረን) ይገባል። ዕቃ ሲታጠብ በጣት አንጓ እየቆጠሩ 41 ኪርያላይሶን ማለት ይቻላል። መቁጠሪያ ባይኖርም ጣት አለ።

ረቡዕና ዓርብ ሳምንቱን የሚይዙ ሁለት ካስማዎች ናቸው፤ ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት። ከበዓለ ሃምሳ (ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት) በስተቀር፣ ልደትና ጥምቀት ከዋሉባቸው ቀናት በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። የብዙ ሰው ስሕተት ሥጋና ወተቱን ትቶ ሰዓቱን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱን፣ መርሳት ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በጾም ፍርፍር ቁርስ ይበላል፣ የተለወጠው ሜኑው ብቻ ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት የሚከብደው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ እስከ ስድስት በመጾም ይጀምር። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ለራሳቸው አይፍረዱ፣ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሰዓት አያዛውር። ስግደትም ጊዜ አለው፦ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ቅዱስ ቁርባን ከተቀበሉ በኋላ የንስሐ ስግደት አይሰገድም።

ማታ አጭር ይሁን፤ ዐሥር ደቂቃ፣ ዓይን ሳይከብድ፣ ከእራት በፊት ቢሆን ይሻላል። የተጣላችሁት የቤት ሰው ካለ መጀመሪያ ይቅርታው፣ ከዚያ ጸሎቱ።

ገንዘብ ላይ እንጎቻይቱ እንደገና ትመጣለች። ዐሥራትን ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈው አወጣለሁ የሚል ሰው አያወጣም፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለማይተርፍ ነው። ደመወዙ እጅ በገባበት ቀን፣ ዕቁቡም ቤት ኪራዩም ሳይከፈል፣ ከ12,000 ብር 1,200ው ለብቻ ፖስታ ይግባ። ባልና ሚስት በዚህ አስቀድመው ይስማሙ፤ አንዱ ተደብቆ የሚያወጣው ዐሥራት ቤት ውስጥ ጥርጣሬ ያመጣል።

እሑድ የሚበላሸው ቅዳሜ ማታ ነው። አምሽቶ የሚገባ፣ ነጠላውን ያላጠበ፣ ልጆቹን ያላጠበ ሰው ጠዋት ሲካለብ ቅዳሴው ተጋምሶ ይደርሳል። ለመቁረብ የሚዘጋጅ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለሚቆርብ የመጨረሻው ምግብ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያላሰላ ሰው ቅዳሜ ማታ ሰርግ ቤት ተቀምጦ ያስታውሰዋል።

ያመለጠ ቀን ይኖራል። ልጅ ያማል፣ የሌሊት ፈረቃ ይመጣል፣ ሰውም ዝም ብሎ ይሰንፋል። በማግሥቱ የሁለት ቀኑን ደራርባችሁ አትጸልዩ። እስራኤል መናውን በየማለዳው ለየዕለቱ ይለቅሙ ነበር፤ ለነገ ያሳደሩት ተላ፣ ፀሐይ ሲተኩስም መሬት ላይ የቀረው ቀለጠ (ዘጸ. 16)። የትናንቱ ቀልጧል፤ የዛሬውን ብቻ ልቀሙ። ያመለጣችሁን ቀንና ምክንያቱን በአንድ ቃል ብቻ ከመጽሐፉ ጀርባ ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ስልክ»፣ «ዓርብ፣ እንቅልፍ»። ወር ሲሞላ ያችን ወረቀት ለንስሐ አባታችሁ አሳዩ። አምስት ጊዜ «እንቅልፍ» ካለ የመኝታ ሰዓት ያስተካክሉላችኋል፤ አምስት ጊዜ «ስልክ» ካለ ደወል ሰዓቱን ገና አልገዛችሁም ማለት ነው።