የዱቤ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ

እሁድ ማታ፣ ደሴ

ጦሳ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጉም እንደለበሰ ዋለ። ሐምሌ ነውና አይገርምም። ከአክስቴ ቤት እንደገባሁ ጋቢዬን ተከናንቤ ይህን እጽፋለሁ። ነገ እጽፈዋለሁ ካልኩ ይቀዘቅዝብኛል።

አክስቴ ሸዋ በር አካባቢ ሠላሳ ዓመት ሱቅ ነግዳለች። አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏት ከቤት አትወጣም። እሁድ እሁድ ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ። እሷ ቡና ታፈላለች፤ እኔ የወንጀል ድራማ አሳያታለሁ። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ንግግሩን እየተከተልኩ እተረጉምላታለሁ። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከፊት ቆሞ የሚተረጉምልን አንድ ጎረምሳ ነበር። አሁን እኔ እሱን ሆኛለሁ።

ሰሞኑን የያዝነው ኮሎምቦ የሚባለውን የአሜሪካ የመርማሪ ፖሊስ ድራማ ነው። በኮሎምቦ ገዳዩን ከመጀመሪያው ታየዋለህ። እንዴት እንደሚያዝ ብቻ ነው የምትጠብቀው። አክስቴ ይህን አሠራር ወዳዋለች። «ያላደረገውን ሰው መጠርጠር ወንጀል ነው፤ ይሄ ፊልም ከዚያ ያድነኛል» አለችኝ። ወንጀል ስትል ኃጢአት ማለቷ ነው፤ ወሎዬ ያውቀዋል።

ዛሬ ያየነው «መርደር ባይ ዘ ቡክ» የሚባለውን ክፍል ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 ነው። በእኛ መስከረም 4 ቀን 1964 ዓ.ም. ማለት ነው፤ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። ያኔ 24 ዓመቱ ነበር፤ ስለ ሻርኩ የሠራውን ጆውስን ገና አላሰበውም። ድርሰቱ የስቲቨን ቦችኮ ነው። እሱም በኋላ ሂል ስትሪት ብሉዝ የተባለውን ታዋቂ የፖሊስ ድራማ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች በሽርክና የወንጀል ልብወለድ ያሳትማሉ። የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው መልከ መልካም፣ አፈ ጮሌ፣ ለጋዜጠኛ የሚቀርበው እሱ። ጸሐፊው ሽርክናው ይብቃኝ ሲል አፈ ጮሌው ይገድለዋል። መጀመሪያ ከከተማ ውጪ ወዳለ ጎጆው ይወስደዋል። ከዚያ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ «ቢሮ ነኝ» እንዲላት ያደርጋል። እያወራት ሳለ ይተኩሳል። ሚስትየው ጥይቱን በስልክ ትሰማለች።

ሬሳውን ደግሞ ገዳዩ አምጥቶ ራሱ ቤት ደጃፍ ይጥለዋል፤ ሌሎች ወንበዴዎች እንዲመስሉ። ፖሊስ ይመጣል። ኮሎምቦም ያቺን የተጨማደደች ካፖርቱን ለብሶ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው አክስቴ ሲኒዋን ያስቀመጠችው። ኮሎምቦ አንድ ነገር ያያል። ሰውዬው የወዳጁን ሬሳ ደጁ ላይ አግኝቶ፣ ፖሊስ ጠርቶ፣ ከዚያ የመጣለትን ፖስታ ከፍቶ አንብቧል።

«ደብዳቤ ከፈተ?» አለችኝ።

«ከፈተ።»

«እሱ ነው የገደለው። በለው ለፖሊሱ።»

ሌላም አለ። ጓደኛህ የት እንደገባ አልታወቀም፣ ቢሮው ውስጥ ጥይት ተሰምቷል ተብሎ ሲነገረው በመኪና ነው የመጣው። አውሮፕላን ነበረለት። ኮሎምቦ ይህም አልዋጥ አለው። እኔ ይህን ስተረጉም አክስቴ የአጎቴን መርዶ አነሳች። ልጁ አዲስ አበባ ነበር። ሌሊት ተነግሮት፣ ያገኘው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ 400 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። እግሩ ላይ ምን እንዳለ ያየው ለቅሶው ቤት ደርሶ ነው። መርዶ የሰማ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። የኮሎምቦ ምርመራ የሚቆመው በዚህ እውቀት ላይ ነው፤ ያዘነ ሰው ምን እንደሚሆን ማወቅ ላይ። ለእኛ ደግሞ ለቅሶ ቤት ያሳደገን ስለሆነ ማስረጃው ሳይተረጎም ይገባናል።

ከሁሉ የወደድኩት ትዕይንት ግን ትንሽ ነው። ኮሎምቦ የሟችን ሚስት ቤቷ ያደርሳትና ኩሽና ገብቶ ኦምሌት ይሠራላታል። ሚስትየዋን የምትጫወተው ሮዝሜሪ ፎርሳይዝ ናት። እንቁላል እየሰበረ ያወራታል፤ እሷም ቀስ በቀስ ታወራለች። አክስቴ ይህን ስታይ አንድ የድሮ ነገር ነገረችኝ። ከሱቋ ፊት ለፊት ስርቆት ተፈጽሞ አንድ መርማሪ መጣ። ሰላምም ሳይላት በር ላይ ቆሞ ጠየቃት። «ምንም አላየሁም አልኩት» አለች። በሳምንቱ ሌላ ጠና ያለ ሰው መጣ። የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ ውሃ ለመናት፣ ጠጣ። ያየችውን ሁሉ ነገረችው።

ኮሎምቦን የሚጫወተውን ፒተር ፎልክን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የመረመረችው። «የሰውዬው አንድ ዓይን አያይም» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ምን ያመልጣታል። እውነቷን ነው። በ3 ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑን አውጥተውለታል። ያቺም ካፖርት የራሱ ናት፤ ከቤቱ ያመጣት። ተዋናይ ከመሆኑ በፊት በኮኔቲከት ግዛት የበጀት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ከሰው መሃል የወጣ ሰው መሆኑ አተዋወኑ ላይ ያስታውቃል። ኮሎምቦን እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2003 ድረስ በ69 ፊልሞች ተጫውቶታል። ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት 5 ጊዜ ወስዷል፤ 4ቱ በኮሎምቦ የመጡ ናቸው። በመጨረሻ የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ኮሎምቦን መጫወቱን እንኳ እንደማያስታውስ ሐኪሙ ለፍርድ ቤት ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ83 ዓመቱ ሞተ። ይህን ለአክስቴ ያልነገርኳት ሆን ብዬ ነው።

ገዳዩን የተጫወተው ጃክ ካሲዲ ነው። ፈገግታው ያስፈራል። ከመድረክ የመጣ ዘፋኝና ተዋናይ ነበር፤ ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ወስዷል። ኮሎምቦ ላይ ሦስት ጊዜ ገዳይ ሆኖ መጥቷል፣ ሦስቱንም ጊዜ ተይዟል። የመጨረሻው ከታየ ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም.፣ ሲጋራ ሳያጠፋ እንቅልፍ ወስዶት ቤቱ ውስጥ ከተነሳ እሳት አልተረፈም። ዕድሜው 49 ነበር። ሟቹን የተጫወተው ማርቲን ሚልነር ደግሞ በዚያው ዘመን አዳም ትዌልቭ በሚባል ሌላ ድራማ ላይ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ነበር። እዚህ ቶሎ ይሞታል፤ እዚያ የፖሊስ መኪና ይነዳል።

አሁን ወደ ባለሱቋ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በሷ ምክንያት ነው።

ገዳዩ ወደ ጎጆው ሲሄድ መንገድ ላይ አንዲት ሱቅ አለች። ባለቤቷ ሊሊ ላሳንካ ትባላለች። የገዳዩን መጻሕፍት ትወዳለች፣ እሱንም ትወደዋለች። ሲመጣ ፊቷ ይበራል። ሟቹ መኪናው ውስጥ እንደነበረ ያየችው እሷ ብቻ ናት። እናም ለፖሊስ አልተናገረችም። ለዝምታዋ 15,000 ዶላር ጠየቀች።

«ያየችውን ሸጠች» አለች አክስቴ፣ በጣም አዝና። «ያየ ሰው ወይ ይናገራል፣ ወይ ዝም ይላል። አይሸጥም።»

ሰውዬው ገንዘቡንና ሻምፓኝ ይዞ ወደ ሴትዮዋ ይሄዳል። ጠጡ፣ ተጫወቱ። ብቸኛ ሴት ናት፤ ገንዘቡን ረስታ በእንግዳው የተደሰተች ትመስላለች። ጠርሙሱን ሲያነሳ አክስቴ «አቁመው!» አለችኝ። አቆምኩት። በረካውን እስክንጠጣ እንደቆመ ቆየ።

ባለሱቋን የተጫወተችው ባርባራ ኮልቢ ናት። የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ግን ያቺን ሴት ሙሉ ሰው አድርጋታለች። ስግብግብ አይደለችም። መወደድ የናፈቃት ናት። እኔ በበኩሌ ከዚህ ክፍል ተዋንያን ሁሉ የሷን አስበልጣለሁ። ከዚህ በኋላ ሥራዋ ቀስ በቀስ አደገ። የሜሪ ታይለር ሙር ተከታታይ ላይ እስር ቤት ያለች ሴት ሆና ሰው ወደዳት። በዚያ ሳቢያ ፊሊስ በሚባል አዲስ ድራማ ቋሚ ቦታ አገኘች። ለዓመታት የጠበቀችው እንጀራ ማለት ነው። 3 ክፍል ቀረጸች።

ሐምሌ 17 ቀን 1967 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከትወና ትምህርት ወጥታ ወደ መኪናዋ እየሄደች ነበር። ጄምስ ኪርናን የተባለ ተዋናይ አብሯት ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው ተኮሱባቸው። እሷ እዚያው ቀረች። ኪርናን ለፖሊስ የሆነውን እስኪናገር ብቻ ቆየ፤ ተኳሾቹን አላውቃቸውም አለ። ምንም አልተወሰደባቸውም። ዕድሜዋ 36 ነበር።

ድራማው ካለቀ በኋላ ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ።

«በእኛ መቼ አልከኝ?»

«ሐምሌ 67። 17 ቀን።»

«ቤት የተወረሰበት ሐምሌ!» አለች። በሁለተኛው ቀን ነው፣ ሐምሌ 19፣ የትርፍ ቤት አዋጁ የታወጀው። በሬዲዮ ሲነገር አባቷ በር ላይ ተቀምጠው እንደነበር፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ታስታውሳለች። ያቺ ሴት በዚያ ሳምንት መሞቷ ቅርብ አደረገባት መሰለኝ። ቆይታ ጠየቀችኝ።

«ገዳዮቹስ? ተያዙ?»

«አልተያዙም።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ፊልሙ ላይ የሊሊን ነገር ኮሎምቦ ቤቷ መሬት ላይ ከተገኘች የሻምፓኝ ቡሽ ይጀምረዋል። 15,000 ዶላሩ ከባንክ ወጥቶ ተመልሶ መግባቱንም ያገኘዋል። ሐይቅ ውስጥ ሰጥማ ሞተች የተባለችው ሴት ተገድላ እንደነበር ይታወቃል። ለባርባራ ግን ቡሽ የሚያነሳላት አልተገኘም። አክስቴ አውጫጭኝን አነሳች። ድሮ በአገር ቤት ሰው ሲገደል አገሬው ተሰብስቦ፣ የሰማ የሰማውን እስኪያወጣ አይበተንም ነበር። «ያ ሁሉ ሰው ሲኖር አንድ ያየ ይጠፋል?» አለች። ምን እንደምላት አጣሁ።

ከዚያ ተነሺ ያላት ሳይኖር ተነሳች። ጉልበቷን ይዛ ሄዳ ከቁም ሳጥኑ የዱቤ ደብተሯን አመጣች። ሱቁን ከዘጋች ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ በዘይት ወይቧል። ውስጡ በሷ እጅ የተጻፈ ነው፤ የሰው ስም፣ ከጎኑ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ብሩ። የከፈለ ሰው ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ሳይከፍል የሞተ ሰው ስም ጎን «አፉ ብያለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ያልከፈለው ደግሞ ጎኑ ባዶ ነው።

«ስሟን ጻፍልኝ» አለችኝ። «ዱዓ ሳደርግ ይጠፋብኛል።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ባርባራ ኮልቢ ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ጨመርኩ። ከጎኑ ምን ልጻፍ ብዬ ቀና አልኩ።

«ባዶውን ተወው» አለች።