እንኳን አደረሳችሁ፤ ከሼፊልድ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2017 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ሳውላና አርባ ምንጭ ላላችሁ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ጅዳና ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራችሁ በዓሉን በስልክ ለምታከብሩ እህቶቼ፣ ለሁላችሁም። እዚህ እንግሊዝ አገር ዛሬ ተራ ረቡዕ ነው። ሰዉ ሥራ ሄዷል፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ አደይ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ማታ ግን የእኛ ልጆች እኔ ጋ ይሰበሰባሉ። ረቡዕ በመዋሉ የሚጾሙት ዶሮውን ለነገ አስተላልፈውታል። እና ዛሬ ሽሮና ድፎ ዳቦ፣ ነገ ዶሮ። ሁለት ቀን በዓል ማለት አይደል? የመመረቂያ ጽሑፌንም ባለፈው ሳምንት አስገብቻለሁ። ስለጸለያችሁልኝ አመሰግናለሁ።

በዓል ነውና ከደስታው ልጀምር። ነሐሴ 4 ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶን ሲሮጥ በቲቪ እያየሁ ነበር። ተጠባባቂ ሆኖ ሄዶ፣ ሲሳይ ለማን ተክቶ ገብቶ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ ወርቁን ወሰደ። አብረውኝ የሚኖሩት ናይጄሪያዊቷና ቻይናዊቷ ከእኔ እኩል ይዘሉ ነበር። ከዚያ በፊት ለሦስት ሳምንት አልቅሼ ነበር የሰነበትኩት። ያን ቀን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ታምራት፣ ተባረክ።

ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ስለ ዜና ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የምከፍተው ዜና ነው። ለእንግሊዝኛዬ ይረዳኛል ብዬ ጀመርኩት፣ እያደር ግን የማያቸው ሰዎች ከልቤ እየገቡ መጡ። ገና ሊደርስ ሲል አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፖስታ ቤት ነበር። ሆራይዘን የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሌለ ጉድለት ያሳያል፣ ሰፈር ውስጥ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሰረቃችሁ ይባላሉ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2015 ከ900 በላይ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። እስር ቤት የገቡ አሉ። ሌባ እንደተባሉ የሞቱም አሉ። አላን ቤትስ የሚባል ሰው ሃያ ዓመት ያህል ተሟገተላቸው። ታሪኩ በቲቪ ድራማ ሲወጣ ነው አገሩ ከእንቅልፉ የነቃው፤ በግንቦት ደግሞ ፓርላማው ፍርዱን የሚሽር ሕግ አወጣ። የሰው ስም እንዲህ በቀላሉ ይጠፋል፣ ለማጽዳት ግን ዕድሜ ይፈጃል ብዬ ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ አወራኋት። እሷም «እኛ ጋ ማን ሃያ ዓመት ይሟገትልሻል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው በግንቦት የቲሳይድ ዩኒቨርሲቲ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ዜና መጣ። የአገራቸው ገንዘብ ናይራ ዋጋው ወድቆባቸው ክፍያ ስላልሞላላቸው ከትምህርት ታገዱ፣ አገር ልቀቁ ተባሉ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ያንን ዜና አንብባ ለሁለት ቀን ምግብ አልበላችም። እኔ በስኮላርሺፕ ነው የመጣሁት። በራሳቸው ገንዘብ የመጡትን የእኛን ልጆች እያሰብኩ ግን በጣም ፈርቼ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ መጣ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆኜ የቢቢሲን ገጽ ስከፍት «ጎፋ» የሚል አየሁ። የደቡብ ኢትዮጵያውን የእኛን ጎፋ በእንግሊዝ ዜና ላይ አይቼ አላውቅም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ። ዝናቡ ያራሰው ተራራ በቤቶች ላይ ተናደ። ጠዋት ሰዉ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ፣ የተቀበሩትን ሊያወጣ ወጣ። እነሱ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ የጤና ባለሙያ፣ የቀበሌ ሰው፣ ሊያድኑ የሄዱት ናቸው ብዙዎቹ የሞቱት።

አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ሳውላ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ፊዚክስ ሲከብደኝ የሚያስረዳኝ እሱ ነው። እሱ አስተማሪ ሆነ፣ እኔ ወጣሁ። ወደዚህ ልመጣ ስል ዳጣ በትንሽ ማሰሮ አድርጎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሰው እጅ እስከ አዲስ አበባ ላከልኝ። በሰኔ በቴሌግራም በድምፅ የላከልኝ የመጨረሻ መልእክት «የእንግሊዝ ቅቤ ሲነጠር ይሸታል ወይስ ዝም ብሎ ይቀልጣል? ተማሪዎቼ ጠይቅልን ብለውኝ ነው» የሚል ነው። እስቃለሁ፣ እመልስለታለሁ እያልኩ ፈተና መጣ። ሄዶ ሲቆፍር እንደነበር የነገረችኝ እንደ ታናሽ እህቱ የማያት የአክስቱ ልጅ ነች፤ «አትሂድ ብለነው ነበር፣ እሺ አላለም» አለችኝ።

ዜናው ላይ ቁጥሩ ይጨምር ነበር። 50 ተባለ። 146 ተባለ። 229 ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ እርዳታ ቢሮ 257 አለ። ከዚያ ዜናው ከገጹ ወረደ። እንግሊዞቹን አልወቅስም፣ ለእነሱ የሩቅ ሐዘን ነው። እኔ ግን በአማርኛ ፈለግኩ። የሟቾቹን ስም ዝርዝር ፈለግኩ። እገሌ የሚባል፣ ይህን ሲሠራ የነበረ፣ የእገሊት አባት የሚል። አላገኘሁም። ቁጥር ብቻ ነው ያገኘሁት።

ፓርላማው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሦስተኛው ቀን ሐምሌ 22 ነው። በዚያው ቀን ብሩ በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለና ስልኬ በሙሉ የዶላር ወሬ ሆነ። በዚያው ቀን ደግሞ እዚህ ሳውዝፖርት የምትባል ከተማ ውስጥ ሦስት ሕፃናት፣ የ6፣ የ7 እና የ9 ዓመት ልጆች፣ ዳንስ ሊማሩ በሄዱበት በስለት ተገደሉ። እኔ ያን ማታ ለማን እንደማለቅስ ግራ ገባኝ። ለሁሉም አለቀስኩ።

በሰዓታት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የገዳዩ ስም ነው የተባለ የፈጠራ ስም ወጣ። በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው ተባለ። ልጁ ግን እዚሁ ብሪታኒያ፣ ካርዲፍ የተወለደ፣ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። እውነቱ እስኪደርስ ግን ሳውዝፖርት መስጊዱ ላይ ድንጋይ ተወርውሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች መጥረጊያ ይዘው መጡ፤ የፈረሰውን አጥር ጡብ እየደረደሩ ሲጠግኑ አየሁ። ያ ምስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሐምሌ 28 ግን ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሮዘርሃም አመጸኞች ከ200 በላይ ስደተኞች ያሉበትን ሆቴል ከበቡ። የቆሻሻ ገንዳ እስከ በሩ ገፍተው እሳት ለቀቁበት። ውስጥ ሰው አለ! ሌላ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሆቴል የሚኖር አንድ ወንድሜ የምለው ልጅ ያን ማታ ደውሎ በሹክሹክታ ያወራኝ ነበር። መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ። ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ በገባበት ቀን፣ ሌላ ሰልፍ አለ ስለተባለ ሁላችንም ቤት ዘጋን። ያን ማታ ዎልተምስቶ፣ ብሪስቶል፣ ሊቨርፑል፣ ብራይተን መንገዱን የሞላው ግን ስደተኛ ጎረቤቱን ሊጠብቅ የወጣ ሕዝብ ነበር። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ እጃቸውን ጨብጬ ባመሰግን ደስ ይለኛል።

አንዷን ማመስገን ግን እችላለሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። በዚያ ሳምንት ሱቅ ስሄድ ኮታቸውን ደርበው አብረውኝ ይወጡ ነበር፤ ወሬ እያወሩ፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጎፋን ዜና የሰሙ ቀን ሻይ አፍልተው አስቀመጡኝና «ጓደኛሽ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ። ምን ያስተምር ነበር? ሲስቅ እንዴት ነበር? ፊደል በፊደል አስነገሩኝና በማግስቱ የሐዘን ካርድ በሬ ሥር ተቀምጦ አገኘሁ። ስሙ በእጃቸው ተጽፎበታል፣ አንድም ፊደል አልተሳሳቱም። ካርዱን ለአክስቱ ልጅ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ለቤተሰቡ ሁሉ አሳየቻቸው።

ነሐሴ 29 የግሬንፌልን ቃጠሎ ያጣራው አካል ሪፖርት ወጣ። ሰኔ 7 ቀን 2009 ለንደን ውስጥ የተቃጠለው ፎቅ፣ 72 ሰው። ወደ 1,700 ገጽ ነው። ሁሉም ሞት ሊቀር ይችል ነበር ይላል። ሕንፃው የተለበጠበት ነገር እንደሚነድ አምራቾቹ እያወቁ ሸጡት፣ መንግሥት እየተነገረው ዝም አለ። ከሟቾቹ የእኛ ሰዎች አሉበት፤ አባት፣ እናትና 3 ልጆች አንድ ላይ ያለቁበት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለ። እሳቱ የተነሳበት ቤት ተከራይም የእኛው ሰው ነው፣ የታክሲ ሹፌር። ፍሪጁ ነው የተቃጠለበት። ወዲያው ለእሳት አደጋ ደወለ፣ የጎረቤቶቹን በር አንኳኳ። እንደዚያም ሆኖ ስሙና ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጣት ተቀሰረበት። አጣሪው ምንም ጥፋት የለበትም ያለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ወንድማችንን አላውቀውም፣ ግን በዛሬው ቀን ሰላም እንዲሰጠው እለምናለሁ።

አጣሪው ሥራውን ሲጀምር፣ ከምስክርና ከባለሙያ በፊት፣ ለቤተሰቦቹ ቀናት ሰጥቶ ስለ ሟቾቻቸው እንዲናገሩ አደረገ። ፎቶ አሳዩ፣ ስለ ልጃቸው ፈገግታ አወሩ፣ ስለ እናታቸው ምግብ አወሩ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሕንፃው የተጠየቀው። ሰባት ዓመት ፈጅቷል፣ የታሰረ ሰው እስካሁን የለም፣ ቤተሰቦቹ ተቆጥተዋል፣ እውነታቸውን ነው። ባለፈው ወር እንኳን ዳገንሃም ውስጥ ልባሱ ሊነሳለት ሥራ የተጀመረለት ሌላ ሕንፃ ተቃጥሏል። እንግሊዝ ጨርሳለች አልልም። 72ቱ ግን በስማቸው ተጠርተዋል። እኔ ለኬንቾ የምፈልገው ይህንን ነው። ተራራው ለምን እንደተናደ፣ የሰው ቤት ለምን እዚያ ሥር እንደነበር፣ ማስጠንቀቂያ ይቻል እንደነበር ይጠየቅ። ከዚያ በፊት ግን እነማን እንደነበሩ ይነገረን።

ስለዚህ የዘንድሮ ምኞቴ ልመና ነው። በጎፋ ያጣችሁት ሰው ካለ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ስሙን ጻፉልኝ። ሥራውን ጻፉ፣ የሚወደውን ምግብ ጻፉ፣ የማን አባት፣ የማን እህት እንደሆነ ጻፉ። በአማርኛም፣ በጎፍኛም ይሁን። እሰበስባለሁ፣ አስተካክዬ አስቀምጣለሁ፣ ስም አልጥልም።

የጓደኛዬን ስም ዛሬ ያልጻፍኩት እናቱን ስላላስፈቀድኩ ነው። ለመስቀል፣ እኛ ጎፋ ጋዜ ማስቃላ ለምንለው በዓል፣ እደውልላቸዋለሁ። ከፈቀዱልኝ የዝርዝሩ የመጀመሪያው ስም የእሱ ይሆናል።